ወሎን በመኪና ለማየት፦ ከአዲስ አበባ ይዞ መምጣት፣ ራስ መንዳት ወይስ እዚሁ መከራየት?

ለእረፍት ወደ ወሎ ልትመጡ አስባችሁ መኪና የምታፈላልጉ ከሆነ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ። መጨረሻ ላይ የምትደርሱት የት ነው? ሐይቅ ከተማ ሄዳችሁ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ በልታችሁ ደሴ የምታድሩ ናችሁ? ወይስ ግሸን፣ ላሊበላ ወይም መቅደላ ድረስ መሄድ ትፈልጋላችሁ? ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለውን አስፋልት ማንኛውም ደህና መኪና ይወጣዋል። መኪናንም ሹፌርንም የሚፈትነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ደሴ ተቀምጬ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ቤተሰብ ከአዲስ አበባ ትልቅ መኪና በውድ ተከራይቶ ይመጣል። ለመምጣት አንድ ቀን፣ ለመመለስ አንድ ቀን አስፋልት ላይ ያልቃል። መሀል የቀረችው ጊዜ ለሐይቅም ለግሸንም አትበቃም። ሹፌሩ ደግሞ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለውን አያውቀውም። «ግሸንን ሌላ ጊዜ» ተብሎ ይመለሳል። ያን ሁሉ ብር ከፍሎ የመጣ ሰው ያሰበውን ሳያይ ሲመለስ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ መልሴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለብዙው ቤተሰብ የሚሻለው እስከ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ በአውሮፕላን ወይም በአገር አቋራጭ ባስ መጥቶ፣ መኪናውን ከነሹፌሩ እዚሁ መከራየት ነው። ይህ ግን ለሁሉም አይሆንም። ከአዲስ አበባ መኪና ይዞ መምጣት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ራስ መንዳትም እንዲሁ።

ከሁሉ በፊት፦ መንገዱ ክፍት ነው ወይ?

ይህን ሳላነሳ ስለ መኪና ማውራት አልችልም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሳ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። አንዳንዴ አንድ ወረዳ ሰላም ሆኖ ቀጥሎ ያለው አይሆንም። ትናንት የተሄደበት ዛሬ ላይሄድ ይችላል። ጉዞው ለሥራ ወይም ለለቅሶ ካልሆነ በስተቀር፣ ጥርጣሬ ካለ ቀኑን ማዛወር ነው።

መረጃውን ከማን ታገኛላችሁ? መጀመሪያ የምታድሩበት ሆቴል ደውሉ። ቀጥሎ ወደዚያ መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ጠይቁ። የመናኸሪያ ሰው የመንገድን ነገር ከማንም ቀድሞ ይሰማል። እኔ የምከተለው አንድ ቀላል ምልክት አለ። የዕለቱ የሕዝብ ሚኒባስ ወደዚያ ካልወጣ፣ እናንተም አትውጡ። ይህን ጥያቄ ቀኑ ሳይደርስ አንዴ ጠይቆ መተው አይበቃም። ማታ ትጠይቃላችሁ፣ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊትም ትጠይቃላችሁ።

ለመኪና ምርጫም ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። የአካባቢው ሹፌር ስልኩን አንስቶ መርሳ ወይም ወልድያ ያለ ጓደኛውን ይጠይቃል። ከሩቅ የመጣው ግን የሚደውልለት ሰው የለውም።

መንገዱን እወቁት

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ መልክዓ ምድሩ ግን ሌላ ነው። ከደብረ ብርሃን በኋላ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትሆናላችሁ። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። ካፖርት የለበሰው ሰው መስኮት መክፈት ይጀምራል። ከዚያ በአጣዬ፣ በካራ ቆሬና በከሚሴ አድርጋችሁ ኮምቦልቻ ትገባላችሁ። ከኮምቦልቻ ደግሞ ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ናችሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ 2,500። ይህ ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው የሚወጣው።

ጣርማ በርና ሐረጎ ላይ ጉም ይወርዳል። በተለይ በክረምት ከፊት ያለው መኪና የማይታይበት ሰዓት አለ። ከጅቡቲ በሚሌና ባቲ በኩል የሚመጡ ከባድ መኪኖች ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ይቀላቀላሉ። ቆላው ላይ ከብትና ግመል መንገድ ያቋርጣል። ማታ ላይ ግመል ከሩቅ አይታይም። ስለዚህ ከመሸ በኋላ አትንዱ፤ ሹፌር ቀጥራችሁም ቢሆን አታስነዱ።

ከአዲስ አበባ ከነሹፌሩ ይዞ መምጣት

ይህ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ጥሩ ጎኑ ግልጽ ነው። ከቤት ደጃፍ ትነሳላችሁ። ሻንጣ፣ የሕፃን ወተት፣ ለዘመድ የሚወሰድ ስጦታ ሁሉ አብሮ ይመጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ቆም ብላችሁ ቁርስ ትበላላችሁ። ደብረ ሲና ላይ ልጆቹ ገደሉን ያያሉ። ብዙ ሆናችሁ የምትጓዙ ከሆነና ሽማግሌ ወይም ሕፃን ካለ፣ ይህ ምርጫ ምቾት አለው። ሰባት ስምንት ሰው ሆናችሁ አንድ ዶልፊን ብትከራዩ፣ ሒሳቡ ለየሰው ሲካፈል ከአውሮፕላን ሊረክስ ይችላል።

ችግሩ ያለው ሒሳቡ ውስጥ ነው። አከራዩ የሚነግራችሁ የቀን ዋጋ ነው። እውነተኛው ወጪ ግን የቀን ኪራይ፣ ነዳጅ፣ የሹፌር አበልና የሹፌር ማደሪያ ተደምሮ ነው። ነዳጁን እንኳ በወረቀት አስቡት። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ላሊበላ ደርሶ መመለሱ ብቻ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ላንድክሩዘር ዳገት ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ይጠጣል ብላችሁ ብታስቡ፣ 168 ሊትር ነው። ይህን በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ አባዙት። ከዚያ ሁለቱን የመንገድ ቀናት ኪራይ ጨምሩበት። ያ ገንዘብ የወጣው ወሎን ለማየት ሳይሆን ወሎ ለመድረስ ነው።

ስለዚህ ይህን ምርጫ የምመክረው ቢያንስ አንድ ሳምንት ላላችሁና መኪናው ለሚሞላላችሁ ነው። ለሁለትና ሦስት ሰው፣ ለአራት ቀን ጉዞ አያዋጣም።

ራስ መንዳት

መኪና መንዳት የሚወድ ሰው ይህን ይመኛል፤ እኔም ይገባኛል። በራስ ሰዓት መነሳት፣ ደስ ያለ ቦታ ላይ መቆም፣ ከቤተሰብ ጋር ብቻ መሆን ትልቅ ነገር ነው። ግን ከመወሰናችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ።

አንደኛ፣ አንዳንድ አከራዮች ያለ ሹፌር የሚሰጡት መኪና ከከተማ እንዳይወጣ በውሉ ይከለክላሉ። ውሉን ሳታነቡ ደሴ ድረስ መጥታችሁ አንድ ነገር ቢደርስ፣ መድን ላይሸፍናችሁ ይችላል። የሚጠየቀው ማስያዣና ዋስም ከባድ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከውጭ የምትመጡ ከሆነ የውጭ አገር መንጃ ፈቃዳችሁን ወደ ኢትዮጵያ ፈቃድ ማስቀየር አለባችሁ። ይህ የቀናት ጉዳይ ስለሆነ የእረፍት ጊዜያችሁን ይበላል። ፍተሻ ኬላ ላይ ደግሞ ወረቀት መሟላት አለበት። መታወቂያ፣ ሊብሬ፣ ውል፣ መንጃ ፈቃድ እጃችሁ ላይ ይሁን።

ሦስተኛውና ዋናው ቁልቁለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት የነዳ ሰው ጣርማ በርን ወይም ሐረጎን ሲወርድ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ይወርዳል። ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻ አይዝም። ቁልቁለት የሚወረደው በማርሽ ነው። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ ይላሉ የድሮ ሹፌሮች፤ ልክ ናቸው። አውቶማቲክ መኪናም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው። የት እንዳለ ከመነሳታችሁ በፊት እወቁት።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚጠይቁኝ አሉ። ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሆነዋል። ለከተማ ግሩም ናቸው። ለወሎ ግን ገና ነው። የጣርማ በርና የሐረጎ ዳገት ባትሪ ይበላል፤ መንገድ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ ደግሞ እንደ ነዳጅ ማደያ በየከተማው አይገኝም።

ታዲያ ራስ መንዳት የት ያምራል? ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ባቲ መካከል። ሁሉም አስፋልት ነው፣ ርቀቱም አጭር ነው። ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የዘመድ መኪና አግኝታችሁ ሰኞ ጠዋት ለባቲ ገበያ ብትወርዱ ደስ ይላችኋል። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። በሌላ ቀን ከሄዳችሁ ግን ገበያውን አታገኙትም።

ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ደርሶ ኮንትራት መያዝ

አሁን ወደምወደው ልምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኮምቦልቻ ይበራል። በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። ደሴ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት፣ የደሴ ተጓዥም የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። በአገር አቋራጭ ባስ ከሆነ ደግሞ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ከሰዓት በኋላ ደሴ ትደርሳላችሁ።

ከዚያ መኪና ትይዛላችሁ። እዚህ ከተማ ውስጥ ትልቅ ቢሮ ያለው አከራይ አትጠብቁ። አሠራሩ ኮንትራት ነው። የመኪናው ባለቤት ራሱ ይነዳል ወይም የሚያምነው ሹፌር ያስነዳል። በጣም ጥሩው መንገድ በሆቴሉ በኩል ማግኘት ነው። ሆቴሉ ደጋግሞ የሚጠራው ሹፌር አለ። ያ ሹፌር ስሙ እንዳይጠፋ ይጠነቀቃል። ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። መናኸሪያ በር ላይ የሚጠብቅ ደላላ ግን የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። የእሱ ኮሚሽን በእናንተ ዋጋ ላይ ይጨመራል፤ መኪናውንም ሳያውቀው ሊያገናኛችሁ ይችላል።

የዚህ ምርጫ ትልቁ ጥቅም በየቀኑ መለዋወጥ መቻላችሁ ነው። ደሴ ውስጥ ባጃጅ ይበቃችኋል። አይጠየፍ አዳራሽን ለማየትም ሆነ ፒያሳ ለመውረድ መኪና ቀኑን ሙሉ ማቆየት ብክነት ነው። ለሐይቅ አንድ ቀን አነስተኛ መኪና ትይዛላችሁ። ለግሸን ደግሞ ለብቻው ጠንካራ መኪና። የምትከፍሉት ለተጠቀማችሁበት ቀን ብቻ ነው።

ጉድለትም አለው። በበዓል ሰሞን መኪና ይጠፋል፣ ዋጋም ይንራል። መኪናዎቹ ብዙዎቹ የቆዩ ናቸው። የኋላ ወንበር ቀበቶ የሌለው ዶልፊን ብዙ ነው። የሕፃን ወንበር ፈጽሞ አታገኙም፤ ሕፃን ካላችሁ ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ። እነዚህን አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ ይቻላል፤ የመኪናውንም ፎቶ እንዲልኩላችሁ አድርጉ።

ያለ ሹፌር ልከራይ ብትሉ ግን እዚህ ከባድ ነው። የሚሰጥ ቢገኝም በትውውቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ታርጋው ኮድ 2 የሆነ የቤት መኪና በኪራይ ስትይዙ፣ መድኑ የተገባው ለግል አገልግሎት መሆኑን አትርሱ። አደጋ ቢደርስ የመድን ድርጅቱ «ለኪራይ ነው የዋለው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። በርካሽ የተገኘ መኪና በኋላ ውድ የሚሆነው እንዲህ ነው። ለንግድ የተመዘገበውን፣ ኮድ 3 የሆነውን ምረጡ።

የትኛው መኪና ለየትኛው ቦታ?

ለሐይቅ ቪትዝም ኮሮላም ይበቃል። ሐይቁ ከዋናው አስፋልት ሩቅ አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስን ለማየት ስትሄዱ አንድ ነገር አስቡ። ድሮ ደሴት የነበረው ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ ስለዚህ በእግር ይገባል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። ቤተሰብ ሆናችሁ ከመጣችሁ፣ ወንዶቹ ገዳሙን እስኪሳለሙ ሌሎቹ ሐይቁ ዳር የሚቆዩበትን ቦታ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። መኪናው አብሯቸው ቢቆይ ይሻላል። ተመልሳችሁ የተጠበሰ የሐይቅ ዓሣ ብሉ። ለዚህ ጉዞ ላንድክሩዘር መከራየት ገንዘብ ማባከን ነው።

ላሊበላ ግን ሌላ ሐሳብ ይፈልጋል። ከደሴ በመኪና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 120ው እስከ ወልድያ ነው፤ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ በኩል። ከወልድያ ተራራውን ወጥታችሁ ጋሸና ትደርሳላችሁ። ከጋሸና ደግሞ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኩልመስክ በኩል የሚያቋርጥም አለ፤ አጭር ነው፣ ግን ኮረኮንች ነው። ጠዋት በጊዜ ተነስታችሁ ሙሉ ቀን መድቡለት። ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ይሁን። ራቭ ፎር ዓይነት ደህና ነው። ሻንጣ ከበዛና ሰው ከበዛ ላንድክሩዘር ነው።

ግን ጠይቁ፦ በመኪና መሄድ ግድ ነው? ላሊበላ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ማረፊያው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የሆቴሎች ሚኒባስ ግን መጥቶ ይወስዳችኋል። ከተማ ከገባችሁ በኋላ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በእግር ነው የምታዩት። መኪና የሚያስፈልጋችሁ ከከተማው ውጭ ላሉት ለነአኩቶ ለአብና ለይምርሐነ ክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ለእነሱ የአንድ ቀን ኮንትራት እዚያው ትይዛላችሁ። ላሊበላን ብቻ ለማየት ከአዲስ አበባ መኪና ተከራይቶ የሚሄድ ሰው ሦስት ቀን ተሽከርካሪ በእንግዳ ማረፊያ ግቢ አቁሞ ኪራይ ይከፍላል። ጊዜ የሌለው ሰው ወደ ላሊበላ ይብረር። የወሎን ተራራና ሸለቆ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን በመንገድ ይምጣ፤ ከወልድያ በላይ ያለውን እይታ ከአውሮፕላን አታገኙትም።

ግሸን ደብረ ከርቤ ላይ ክርክር የለኝም። ጥሩ ፎር ዊልና መንገዱን ደጋግሞ የወጣ ሹፌር፣ በቃ። ጠመዝማዛ ገደል ነው። በቪትዝ የሄደ አለ ቢሏችሁ አትስሙ። የመጨረሻውን ዳገት በእግር ለመውጣት ተዘጋጁ፤ ጠንካራ ጫማ አድርጉ። የመስከረም 21 ክብረ በዓል ሲሆን ሕዝቡ ብዙ ነው፣ መኪናውም ይጨናነቃል። መኪናችሁን ይዛችሁ በዚያ ቀን ከመጋፋት ከበዓሉ በፊት ወይም በኋላ ብትሄዱ አምባውን በእርጋታ ታያላችሁ። በዓሉን ለመሳለም ከሆነ ግን አስቀድማችሁ መኪና ያዙ፤ የመመለሻውንም ሰዓት ከሹፌሩ ጋር ተስማሙ።

መቅደላ ከሁሉም ይከብዳል። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የወደቁበት አምባ፣ ሴባስቶፖል መድፍም ያለበት ነው። በተንታ በኩል ይሄዳል። ሁለት ቀን መድቡ፤ ደርሶ መመለስ በአንድ ቀን አትሞክሩ። ለመቅደላ የማልደራደርበት ነገር ሁለት ትርፍ ጎማ ነው። አንዱ ቢፈነዳ ሌላ ጎማ የሚሠራ ቤት ቅርብ የለም። ስልክም የማይሠራበት ቦታ አለ። መምሸት ከጀመረ ባላችሁበት እደሩ። የወሎ ገበሬ እንግዳ አይመልስም።

ጀማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ መውሊድን ለማክበር የምትመጡም የምትይዙት መኪና ከዋናው አስፋልት የሚወጣ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩ። «ኮምቦልቻ አካባቢ ነው» ብላችሁ ከተስማማችሁ ሹፌሩ አስፋልቱ ያለቀበት ላይ ቆሞ ዋጋ ይጨምራል።

ወቅት

በአጭሩ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። መሬቱ አረንጓዴ ነው፣ መንገዱ ደርቋል። በሐምሌና በነሐሴ ከአስፋልት አትውጡ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን በልግን ነው። ወሎ ውስጥ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ዝናብ ሊኖር ይችላል፤ ጭቃ ያለው በክረምት ብቻ አይደለም። ላሊበላ አሸንድዬን ለማየት በነሐሴ አጋማሽ የምትመጡ ከሆነ በአውሮፕላን ኑ። ለገናም በጊዜ ቦታ ያዙ፤ ታኅሣሥ 29 ቤዛ ኩሉ የሚባለውን ዝማሬ ለመስማት የሚመጣው ሕዝብ ብዛት መኪናውንም አልጋውንም ያስወድዳል።

ውሉና ፍተሻው

ከየትም ብትከራዩ በቃል ብቻ አትነሱ። አንድ ወረቀት ላይ ቢሆን ጻፉት። የቀን ዋጋው ስንት ነው? ነዳጁ በማን ነው? የሹፌሩ አበልና ማደሪያ በማን ነው? በቀን የኪሎ ሜትር ገደብ አለ? መኪናው ቢበላሽ ሌላ የሚያመጣው ማን ነው፣ በስንት ሰዓት ውስጥ? በዚህ ዘመን ደግሞ አንድ ተጨማሪ አንቀጽ ያስፈልጋል። መንገድ ቢዘጋና ብትመለሱ የተከፈለው ቅድሚያ ምን ይሆናል? በመንገድ መዘጋት ባላችሁበት ብትቆዩና ቀን ቢጨምርስ የቀኑ ሒሳብ እንዴት ነው? ሲዋዋሉ ይህን መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም። ጨዋ አከራይ ይመልስላችኋል። የሚቆጣውን ተዉት።

መኪናውን በቀን ብርሃን እዩት። ዙሪያውን በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ጭረቱ፣ መስታወቱ፣ የነዳጅ መለኪያው፣ የሄደው ኪሎ ሜትር ሁሉ ይታይ። ቦሎው የዘንድሮ ነው? የሦስተኛ ወገን መድኑ አላለፈም? ስኮርታውን፣ ማለትም ትርፍ ጎማውን፣ አስወርዱና እዩት፤ ብዙ ጊዜ ያ ጎማ ራሱ ያለቀ ነው። ክሪክና የጎማ መፍቻ አለ? መብራቱን አብሩ። ፍሬኑን ለመሞከር አጭር ዳገትና ቁልቁለት አስነዱት። ደሴ ላይ ዳገት መፈለግ አያስቸግርም።

ነዳጅ ሌላ ጉዳይ ነው። ማደያ ላይ ሰልፍ የሚረዝምበት ጊዜ አለ፤ ክፍያውም በስልክ ነው። ስለዚህ ማታውኑ ሞልቶ እንዲያድር ንገሩት። «ጠዋት እንቀዳለን» የሚል ሹፌር ጠዋታችሁን ሰልፍ ላይ ያሳልፍባችኋል። ወደ ላሊበላ ከሆነ ከወልድያ ሳትሞሉ ዳገቱን አትጀምሩ።

ስለ ሹፌሩ

ጉዞውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ሹፌሩ ነው። ከመኪናው ሞዴል ይልቅ ስለ እሱ ጠይቁ። ወደምትሄዱበት ቦታ ባለፉት ወራት ሄዶ ያውቃል? የት ቁርስ እንደሚበላ፣ የት መንገዱ እንደተቆፈረ ይነግራችኋል? መልሱ ዝርዝር ካለው ያውቀዋል። ወሎ ውስጥ ደግሞ «አብሽር» የሚል መልስ ብዙ ትሰማላችሁ። ከልብ የሚባል የማጽናኛ ቃል ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ስለ ፍሬን ወይም ስለ መንገድ ስትጠይቁ «አብሽር» ብቻ ካላችሁ፣ ጥያቄውን ድገሙት።

ሌሊቱን ነድቶ የመጣ ሹፌር ጠዋት እንዳይነዳችሁ። የት ነበርክ ማለት መብታችሁ ነው። እንቅልፍ ሲታገለው፣ ጫት ይዞ ነቅቼ እነዳለሁ ሲል፣ አቁሙት። ልጆቻችሁ ከኋላ ተቀምጠዋል።

በሌላ በኩል እሱም ሰው ነው። ምሳ ስትበሉ አብሮ ይቀመጥ። ማደሪያውን ሳታረጋግጡ አትለያዩ፤ መኪና ውስጥ ያደረ ሹፌር በማግስቱ ደካማ ነው። የሚጾምበት ቀን ወይም የሚሰግድበት ሰዓት ካለ ጠይቁትና ጉዞውን በዚያ አስተካክሉ። ወሎ ውስጥ ሹፌሩ መሐመድ ተሳፋሪው ገብረ ማርያም ሆኖ፣ አንዱ ለሌላው መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆሞ መጠበቁ የተለመደ ነው።

ሒሳቡን በሁለት ክፈሉ። ለነዳጅና ለመነሻ የሚሆነውን መጀመሪያ ስጡ፤ ቀሪውን በሰላም ስትመለሱ። የነዳጁ ወጪ በእናንተ ከሆነ ደረሰኙን በየማደያው ተቀበሉ። ሹፌሩ ጥሩ ከሆነ ከሒሳቡ ውጭ ለራሱ በእጁ ስጡት፤ ለባለቤቱ ከሰጣችሁት ላይደርሰው ይችላል። ስልኩንም ያዙ። በሚቀጥለው ዓመት ስትመጡ ወይም ዘመድ ስትልኩ፣ መንገዱ እንዴት እንደሆነ መጀመሪያ የምትጠይቁት እሱን ነው።